እርዴን መርዝ ያሉት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ውስጥ ነው። ያኔም ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም ተናድጃለሁ። ሰው ሁሉ «አለፈ እኮ፣ ተይው» ይለኛል። እንዲህ የሚለኝ ሰው ሁሉ ግን በራሱ አልደረሰበትም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የተወለድኩት እዚያው አካባቢ፣ ሽንፋ ነው። ገና ልጃገረድ ሳለሁ ድንበሩን ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ፣ ከዚያም ኦምዱርማን። ኦምዱርማን ብዙ ዓመት የሠራሁት አንድ የህንድ ዘር ያለው ቤተሰብ ቤት ነበር። አያታቸው ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እመቤቲቱን ማዳም ኪራን እላታለሁ። ከእኔ ጋር የምታወራው በዐረብኛ ነው፤ ወጥ ሲያርርባት ግን በራሷ ቋንቋ ነበር የምትሳደበው። ቤቷ የገባሁት ሰሃን ላጥብ ነበር፤ ባለሙያ ሆኜ ወጣሁ።

ከሙን ሳይፈጭ በፍሬው የጋለ ዘይት ውስጥ ሲጣል ተንጣጥቶ ሽታውን እስኪሰጥ መጠበቅን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምስር ክክ በእርድና በዝንጅብል ሲፈላ ይቆይና ያ የተንጣጣው ዘይት ትኩሱን ይደፋበታል። ዳል ይሉታል። ድንቹን በቅመም አሽታ ሳምቡሳ ውስጥ ትጠቀልለዋለች። ሩዙን በሄልና በቅርንፉድ ታበስላለች። ከሁሉም የወደድኩላት ግን ላዱን ነው። ላዱ የሽምብራ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ፣ በመጠነኛ እሳት ተቆልቶ በስኳር የሚድቦለቦል ጣፋጭ ነው። ሲቆላ እጅ ማሳረፍ የለም። ለአፍታ ከዘነጉት ይመርራል።

ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር ማዳም ኪራን ልጆቿን ይዛ ወደ ሱዳን የባሕር ወደብ ሄደች። እኔ በገላባት በኩል ድልድዩን ተሻግሬ መተማ ገባሁ። ከዚያ ሸሕዲ፣ ታናሽ እኅቴ እታለም ቤት አረፍኩ። እታለም ብቻዋን ነበር የምትኖረው። በረንዳዋን በሸራ ጋርደን፣ ወንበር ደርድረን ምግብ መሸጥ ጀመርን።

መጀመሪያ ሳቁብን። ዳሌን አይተው «ይሄማ አልጫ ነው» አሉ። ጣፋጩንማ «ጣፋጭ የልጅ ነው» ብለው አልነካ አሉ። በኋላ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በምሳ ሰዓት መምጣት ጀመሩ፣ በተለይ በጾም። ላዱውንም የአገራችን የተቆላ ሰሊጥ ላይ ማንከባለል ስጀምር ሰው ወደደው። ማዳም ኪራን ብታየው ትቆጣኝ ነበር። ብትቀምሰው ግን ዝም የምትል ይመስለኛል።

እንዲህ እያለን ወይዘሮ አበዙ መጡ። ወይዘሮ አበዙ የአቶ ደምስ ባለቤት ናቸው። አቶ ደምስ ኮኪት ላይ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ትራክተር ያለው፣ የተከበረ ሰው ነው። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ድግስ ደግሰዋል። ወይዘሮ አበዙ ላዱዬን አንዲት መምህርት ቤት ቀምሰውት ኖሯል። ሥጋውን እነሱ እንደሚያዘጋጁት፣ ሩዙን፣ ዳሉን፣ ሳምቡሳውንና ጣፋጩን እኔ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ከጎንደር የሚመጡ እንግዶች ስላሉ አዲስ ነገር ማቅረብ ፈልገዋል። ደስ አለኝ። ከኮኪት ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዋዜማው ጀምሮ እኔና እታለም ሠራን። ሁሉንም ያበሰልነው ሸሕዲ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ኮኪት ላይ የቀረኝ ሳምቡሳውን መጥበስ ብቻ ነበር። ድስቶቹን በሚኒባስ ጭነን በጠዋት ሄድን።

ኮኪት ውስጥ ያን ሰሞን የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ ነበር። አቶ ደምስ ከእርሻው ካምፕ በትራክተር ተጎታች አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ሙሉ ውኃ አስመጣ። ከበርሜሉ ጋር ሁለት የቀን ሠራተኞች መጡ፤ ከጎጃም ለአረም የወረዱ ልጆች ናቸው። አውርደው ከግድግዳው ሥር አቆሙት። የቤቱ ሴቶች በዚያ ውኃ ካርካዴ የሚባለውን ቀይ አበባ ዘፍዝፈው፣ በስኳር አጣፍጠው፣ በረዶ ጨምረው በየጠረጴዛው አደሉ። ሙቀቱ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ሰዉ እየደጋገመ ጠጣ። እኔ ከዘይቱ ፊት አልተነቃነቅኩም፤ የምጠጣው ከቤት በያዝኩት ጀሪካን ነበር። እታለም ግን ካርካዴ ትወዳለች።

ምሳው ተበልቶ ገና ሳይነሳ አንዲት እናት አዞረኝ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ሰው ውጭ ወጥቶ ሲያስመልስ ተሰማ። ቀጥሎ ተመራቂው ልጅ። ወይዘሮ አበዙ እንግዳ እያስተናገዱ ሳለ ጉልበታቸው ከዳቸው። ያን ጊዜ እታለም ወደ እኔ መጣች። ላቧ ልብሷን አርሶታል፣ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኔን ጋረደኝ አለችና እቅፌ ውስጥ ወደቀች።

«ምግቡ ነው» ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዴ ከተባለ በኋላ ግን ሁሉም ይለው ጀመር። የአቶ ደምስ ወንድም ቅርጫቴን ዘቅዝቆ ከዋዜማው ሥራ ውስጡ የቀረውን የእርዴን ከረጢት አወጣና ምንድን ነው አለኝ። እርድ ነው አልኩት። የኛ እርድ እንዲህ አይቀላም አለ። ከሱዳን ያመጣሁት ስለሆነ እውነትም ከገበያው ይደምቃል። ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ። መርዙ ይሄው ነው አለ። ላዱዬን ከትሪው ገልብጠው ጭቃ ላይ ረገጡት። ዳሉን ደፉት። አንዱ ድስቴን በዱላ መታው። እኔ እኅቴን አቅፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ መከራከሪያ ጊዜ አልነበረኝም።

አቶ ደምስ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «የሰው አገር ሴት ቤቴ አስገብቼ ልጄን አስመረዝኩ» አለ።

ሽንፋ የሰው አገር ሆነች። የአባቴ መቃብር እኮ እዚያ ነው። አባቴና የእሱ አባት አንድ ገበያ ሰሊጥ ሲሸጡ ኖረዋል። ይህን ልለው ነበር፤ ግን እኅቴን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

የታመሙትን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። አልጋ ሞልቶ ሰው ወለል ላይ ተኛ። እታለምን አንድ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት፤ ወይዘሮ አበዙ አጠገቧ ነበሩ። የእታለምን ራስ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ሰዎች በር ላይ ተሰብስበው አውጧት ይሉ ነበር። አንዲት ሴት «የራሷ እኅት ታማለች እኮ» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ ደግሞ «አየሽ፣ ለእኅቷ እንኳ አልሳሳችም» ብላ መለሰችላት። ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል?

ፖሊሶች መጥተው ሰዉ እስኪበርድ ከእኛ ጋር ብትሆኚ ይሻላል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባይመጡ ምን ይደርስብኝ እንደነበር አላውቅም። ግን እኅቴን ትቼ መውጣት ነበረብኝ። እጄን ከእጇ ሳላቅቅ አላወቀችኝም። ትኑር ትሙት ሳላውቅ ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ይቅር ቢባል፣ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም።

ነገሩን ያወጣችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። የታመሙት ጥቂት አልነበሩምና ያን ሁሉ ሰው ስታክም ቆይታ በረንዳው ላይ የወደቁ ሁለት ልጆች አየች። በርሜሉን ያወረዱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ ሰክሮ ነው ወይም ወባ ነው ይባላል፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ምን ድግስ በላችሁ አለቻቸው። አንደኛው፣ አንሙት ይባላል፣ እንዲህ አላት፦

«ኧረ እህቴ፣ እኛስ እህል አልቀመስነም። ማን ይጠራናል? ከበርሜሉ ውኃ ነው የጠጣነ።»

ነርሷ ወዲያው ፖሊስ ጠራች። በርሜሉ ከግድግዳው ሥር እንዳለ ተገኘ። ተገልብጦ ሲታይ ለሰሊጥ ተባይ የሚረጭ ኬሚካል ይመጣበት የነበረ ነው። ወረቀቱ ተፍቆ ሥሩ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ለተኙት ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው መድኃኒት የተሰጣቸው። እኔን በጠዋት ሂጂ አሉኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እታለም ዓይኗን ገልጣ ነበር። ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አደጋ ነው፣ በማንም ይደርሳል እል ነበር።

ሸሕዲ ከተመለስን በኋላ ገበያችን ሞተ። ኮኪት ላይ የተወራው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። የበርሜሉን ነገር ያወቀ ጥቂት ሰው ነው፤ የህንዱን መርዝ ግን ሸሕዲም ሽንፋም ሰምቷል። አቶ ደምስ ስለ በርሜሉ ለማንም አልተናገረም። አንዳንዱ እያየኝ መንገድ ይሻገር ነበር። በየቀኑ ምሳ የሚበላልን መምህር እንኳ አሞኝ ነው ብሎ ቀረ።

አንድ ቀን የአቶ ደምስ ትራክተር ሾፌር ቤታችን መጣ። አልቀመጥም ብሎ በር ላይ ቆመ። በርሜሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በሳሙና ደጋግሜ አጥቤው ነበር፣ ሽታው ለቆት ነበር አለ። አለቀሰ። ተናደድኩበት፤ ግን ቢያንስ እግሩ አምጥቶታል። ቀጥሎ የነገረኝ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው።

ሰዉ ጤና ጣቢያ በገባበት ሰዓት አቶ ደምስ ልጁን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ጎንደር ወሰደው። የነዳው ይኸው ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ሾፌሩ ስለ በርሜሉ ነገረው። ጎንደር ሲደርሱ አቶ ደምስ ለሐኪሙ የኬሚካሉን ስም ሳይቀር ተናገረ። ልጁ ሲገባ መድኃኒቱን አገኘ፣ ዳነም። ከዚያ ሾፌሩ ለኮኪቶቹም ደውለን እንንገር ብሎት ነበር። አቶ ደምስ ዝም በል፣ ነገሩ ይበርዳል አለው።

ስልክ በኪሱ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እኅቴ ምራቋ እየወረደ ወለል ላይ ተኝታለች፣ ነርሷ ምን እንደነካቸው ግራ ገብቷት ትሯሯጣለች፣ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጫለሁ። እሱ የሚያውቀውን ይዞ ዝም አለ።

ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሁለት አዛውንቶችና አንድ ቄስ ናቸው። ወይዘሮ አበዙም ከኋላ ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ገና ጉልበታቸው አልጠናም ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ዕርቅ ብዙ ተናገሩ። አቶ ደምስ አጥፍቻለሁ፣ ሳላውቅ ነው፣ የሚካሰውን እክሳለሁ አለ። እታለም ከጎኔ ነበረች። ስኒ መያዝ አቅቷት ሻይዋን መሬት ላይ አስቀምጣለች።

ተነሥቼ ጠየቅኩት። «ጎንደር ለልጅዎ ሐኪም የነገሩትን ለኮኪት ነርስ ለምን አልነገሩም?»

ሽማግሌዎቹ ይህን አልሰሙም ነበር። ዞረው አዩት። ደንግጬ ነው አለ። ከጎንደር ሲመለሱስ? አልኩት። ሾፌሩ የነገረኝን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አልካደም።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አበዙ ከበሩ አጠገብ በቀስታ «እኔም እኮ ኮኪት ነበርኩ ተኝቼ» አሉት።

እስከዚያች ሰዓት አላወቁም ነበር። ባላቸው ልጃቸውን ይዞ ከሄደ በኋላ የሕመሙን ምክንያት እያወቀ ለእሳቸው እንኳ ሳይናገር እንደቀረ የሰሙት እኔ ቤት ውስጥ ነው።

እኔ ካሳህን አልፈልግም አልኩት፤ አንቱ ማለቱን የተውኩት ያን ጊዜ ነው። ስሜን ያጠፋኸው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልሰው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮኪት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመህ መርዙ ከእኔ በርሜል ነው በል። ይህንማ አላደርግም አለ። ጠላት አለኝ፣ ይከሱኛል፣ ስሜ ይጠፋል አለ። የእኔስ? ስል ትልቁ ሽማግሌ ልጄ ሆይ ይብቃሽ፣ ሰው እግርሽ ሥር ከመጣ ማለፍ ነው አሉኝ። በቤቴ ስላየኋችሁ ደስ ብሎኛል፣ ዕርቁ ግን አይሆንም አልኳቸው። የእኛን አገር የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ረገጠች ተባልኩ። የራሴ ዘመዶች ሳይቀሩ ወቀሱኝ። ልቧ ሱዳን ደንድኖ ቀረ አሉ።

እሑድ ግን ኮኪት ሄድኩ። እሱ ይናገራል ብዬ አይደለም። ባይናገር እኔው ልናገር ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ከግቢው ሳይወጣ ወይዘሮ አበዙ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደረጃው ወጡ። ድምፃቸው ትንሽ ነው፤ ሰዉ ለመስማት ተጠጋ። በቤታችን ድግስ ሰው የታመመው ከእኛው እርሻ በመጣ የተባይ መድኃኒት በርሜል ነው አሉ። ባለቤቴ ዐውቆ ዝም ብሏል አሉ። ይቺ ሴት ያቀረበችልን ንጹሕ ምግብ ነው፣ እኔም በልቼዋለሁ፣ ስሟን ያጠፋን እኛ ነን አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አቶ ደምስ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ነጠላውን አጣፍቶ በኋላው በር ወጣ። ወይዘሮ አበዙ ወደ እኔ አልመጡም። ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፤ እኔም እጅ ነሣኋቸው። እሳቸውን ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ እላለሁ።

ነገሩ በሕግም ተይዟል፤ ስለሱ እዚህ አልጽፍም። ገበያችን ቀስ እያለ ተመልሷል። ያ መምህርም ተመልሷል። ያኔ እውነትም አሞኝ ነበር ይላል፤ አላምነውም፣ ምሳውን ግን አቀርብለታለሁ። ላዱውን ዛሬ ብቻዬን ነው የማድቦለብለው። እታለም ሞከረችና እጇ እምቢ አላት። ሐኪሙ ከጊዜ ጋር ይሻለዋል ብሏል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሰው ቁጣሽን ጣይው ይለኛል። የት ልጣለው?

ባለፈው ቅዳሜ ሸሕዲ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ከቦኖው ውኃ ቀድታ ትመለሳለች። ጀሪካኗን አየሁት። የኬሚካል ነው፤ የአደጋ ምልክቱ በግማሽ ተፍቋል። ይህ ዕቃ ዛሬም ታጥቦ ገበያ ላይ ይሸጣል። ከየት ገዛሽው አልኳት፤ ጠቆመችኝ። ምን እንደነበረበት ነገርኳት። አጥቤዋለሁ አለችኝ። ከእጇ ተቀብዬ ውኃውን መንገድ ላይ ደፋሁት። ከሥጋ ሻጩ ቢላዋ ተውሼ ጀሪካኑን ከሁለት ቀደድኩት። ሰው ተሰበሰበ። ሴትዮዋ በድንጋጤ ልጇን ወደ ፊት አዙራ አቀፈችው። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ነይ ሌላ እሰጥሻለሁ አልኳት። አልተከተለችኝም። ራሴ ሄጄ የዘይቱን ጀሪካን አጥቤ አመጣሁላት። ተቀበለችኝ፣ ግን አላመሰገነችኝም። ስትሄድ አጠገቧ ለነበረች ሴት እብድ ናት ስትል ሰማኋት።

ትበለኝ።